ሰባት ሰከንድ፦ የቀጥታ ሥርጭት ማዘግያ አሠራርና ገደብ

በቴሌቪዥን መስኮት ጥግ ላይ «ቀጥታ» የሚል ጽሑፍ ስናይ የምንመለከተው ድርጊት በዚያችው ቅጽበት እየተከናወነ ያለ ይመስለናል። ከፊዚክስ አንጻር ሲታይ ግን ፍጹም ቀጥታ የሆነ ሥርጭት የለም። ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኝ ሳተላይት በኩል የሚተላለፍ ምልክት ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ታች እስኪመለስ ድረስ ቢያንስ 71,572 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በብርሃን ፍጥነት ቢጓዝም 0.24 ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ምስሉን ለመጭመቅና ተመልካቹ ዘንድ ሲደርስ መልሶ ለመዘርጋት የሚያስፈልገው ጊዜ ሲታከልበት መዘግየቱ ወደ ሰከንዶች ያድጋል። የእግር ኳስ ጨዋታን በኢንተርኔት የሚከታተል ሰው፣ በሳተላይት ከሚመለከተው ጎረቤቱ ቤት የ«ጎል!» ጩኸት ሰምቶ ጎሉን ራሱን ዘግይቶ የሚያየው በዚሁ ምክንያት ነው።

እነዚህ መዘግየቶች መሐንዲሶች በተቻለ መጠን ለመቀነስ የሚጥሩባቸው ናቸው። ከእነዚህ የተለየ፣ ሆን ተብሎ በመሣሪያ የሚፈጠር ሌላ መዘግየት ደግሞ አለ። ይኸውም ጣቢያው የስቱዲዮውን ወይም የሜዳውን ምስልና ድምፅ ተቀብሎ፣ ለጥቂት ሰከንዶች አቆይቶ ወደ ተመልካች የሚለቅበት ሥርዓት ነው። በዚህ ጽሑፍ «የሥርጭት ማዘግያ» እያልን እንጠራዋለን። በመጀመሪያ የቆመበትን የፊዚክስና የሒሳብ መሠረት፣ ቀጥሎም የሚተከልበትንና የሚንቀሳቀስበትን መንገድ እንመለከታለን። በመጨረሻም መሣሪያው ሊያደርግልን የሚችለውንና የማይችለውን ለይተን እናሳያለን።

ለምን አስፈለገ?

«ከአፍ የወጣ አፋፍ» ይላል የአገራችን ሰው። ከማሠራጫ አንቴና የወጣ ሞገድም እንደዚሁ ነው፤ በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝን ነገር ተከትሎ የሚመልሰው የለም። የሥርጭት ማዘግያ ይህን ሕግ አይሽረውም። ቃሉ ከአፍ በወጣበትና ሞገዱ ከአንቴና በሚወጣበት ቅጽበት መካከል ጥቂት ሰከንዶችን ያስገባል እንጂ።

የእነዚህን ጥቂት ሰከንዶች ዋጋ ሁለት ክስተቶች ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1998 በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ አንድ ሰው በአውራ ጎዳና ላይ ራሱን ሲያጠፋ ከሄሊኮፕተር የተነሣው ምስል በቀጥታ ተሠራጨ። አንዳንዶቹ ጣቢያዎች ወደ ቦታው የተሻገሩት የልጆች ፕሮግራም አቋርጠው ስለ ነበር ሕፃናትም ተመለከቱት። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2004 በሂዩስተን ከተማ በተካሄደው የሱፐር ቦውል ጨዋታ የዕረፍት ሰዓት የደረሰው ነው። በትርኢቱ ላይ የዘፋኟ የጃኔት ጃክሰን ጡት ለአንድ ሰከንድ ዘጠኝ አሥራ ስድስተኛ ያህል በቴሌቪዥን ታየ። በአሜሪካ የቴሌቪዥን ሥርዓት ይህ 17 ምስሎች ያህል ብቻ ነው። የአገሪቱ ፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን ግን በሲቢኤስ ላይ የ550,000 ዶላር ቅጣት ጣለ፤ ቅጣቱን ከዓመታት ክርክር በኋላ ፍርድ ቤት ሽሮታል። ከአንድ ሳምንት በኋላ የተካሄደው የግራሚ ሽልማት ሥነ ሥርዓት በአምስት ደቂቃ መዘግየት፣ በዚያው ወር መጨረሻ የተካሄደው የኦስካር ሥነ ሥርዓት ደግሞ በአምስት ሰከንድ መዘግየት ተላለፉ።

ሁለቱ ክስተቶች በክብደታቸው አይመሳሰሉም። በአንድ ነገር ግን ይገናኛሉ፤ በሁለቱም ጊዜ ምስሉ ከካሜራው ወደ ተመልካቹ ሲሄድ በመካከል ሊያቆመው የሚችል ሰው ጊዜ አልነበረውም።

ጊዜን በክር ርዝመት መለካት

የመጀመሪያዎቹ ማዘግያዎች የተሠሩት ለሬዲዮ ነበር። የአድማጮችን የስልክ ድምፅ ወደ አየር የሚያወጡ ጣቢያዎች ሁለት ቴፕ መቅረጫዎችን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። የመጀመሪያው በክሩ ላይ ድምፁን ይቀርጻል፤ ክሩ ሳይቆረጥ ወደ ሁለተኛው ይዘልቅና እዚያ ይነበባል። የተነበበው ድምፅ ነው ወደ ማሠራጫው የሚሄደው። መዘግየቱ በመቅረጫውና በማንበቢያው መካከል ባለው የክር ርዝመትና በክሩ ፍጥነት ይወሰናል፦

መዘግየት = የክሩ ርዝመት ÷ የክሩ ፍጥነት

ከተለመዱት የቴፕ ፍጥነቶች አንዱ በሰከንድ 19.05 ሴንቲ ሜትር ነው። ሰባት ሰከንድ ለማግኘት እንግዲህ 19.05 × 7 = 133.35 ሴንቲ ሜትር ክር በሁለቱ መሣሪያዎች መካከል ሊኖር ይገባል። ባለሙያው ጊዜን በሜትር መለካት ይችላል ማለት ነው። መሣሪያዎቹን ቢያራርቃቸው መዘግየቱ ይጨምራል፤ ቢያቀራርባቸው ይቀንሳል።

ከዚህ ቀላል አሠራር የምንይዘው ቁም ነገር ማዘግያ ማለት ማኅደረ ትውስታ ማለት መሆኑን ነው። ጊዜ ራሱ አይቀመጥም፤ የሚቀመጠው ምልክቱ ነው። ምልክቱን በሥርዓት አስቀምጦ በዚያው ቅደም ተከተል የሚመልስ ማንኛውም ነገር ማዘግያ ሊሆን ይችላል።

ከክር ወደ ማኅደረ ትውስታ

በዛሬዎቹ መሣሪያዎች የክሩን ቦታ የኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ ወስዷል። አሠራሩን ለመረዳት 200 ሣጥኖች እንደ ሰዓት ገጽ በክብ ተደርድረዋል እንበል። እያንዳንዱ ሣጥን አንድ ሙሉ ምስል ይይዛል። በክቡ ላይ ሁለት እጆች ይዞራሉ፤ አንዱ ጸሐፊ፣ ሌላው አንባቢ ነው። በሰከንድ 25 ምስሎች በሚተላለፉበት ሥርዓት ጸሐፊው እጅ በየሰከንዱ 25 ሣጥኖችን ይሞላል፤ አንባቢውም በዚያው ፍጥነት ከኋላው ይከተለዋል። አንባቢው ከጸሐፊው በ175 ሣጥኖች ወደ ኋላ ከቀረ መዘግየቱ 175 ÷ 25 = 7 ሰከንድ ይሆናል። ጸሐፊው ክቡን ጨርሶ ሲመለስ በአሮጌው ምስል ላይ አዲሱን ይጽፋል፤ አሮጌው አስቀድሞ ስለ ተነበበ የሚጠፋ ነገር የለም።

ይህ ምን ያህል ቦታ ይጠይቃል? አንድ ከፍተኛ ጥራት ያለው ምስል በአግድም 1,920፣ በቁመት 1,080 ነጥቦች አሉት። ሲባዙ 2,073,600 ነጥቦች ይሆናሉ። በስቱዲዮ በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ነጥብ በአማካይ 20 ቢት ስለሚወስድ አንድ ምስል 41,472,000 ቢት ወይም 5,184,000 ባይት ነው። ይህም በሰከንድ 129.6 ሜጋባይት፣ በሰባት ሰከንድ 907.2 ሜጋባይት ይሆናል። ድምፁስ? በሰከንድ 48,000 ናሙናዎች፣ እያንዳንዱ ናሙና 3 ባይት፣ ግራና ቀኝ ሁለት መስመር ብለን ስናሰላ የሰባት ሰከንድ ድምፅ 2.016 ሜጋባይት ብቻ ነው። ምስሉ ከድምፁ 450 እጥፍ ቦታ ይፈልጋል ማለት ነው። የዲጂታል ማዘግያ ከቴሌቪዥን ይልቅ ለሬዲዮ የቀለለው በዚህ ምክንያት ነበር። ዛሬ ግን 907 ሜጋባይት በማንኛውም ተራ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገኝ መጠን ነው።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ቁጥር አለ። 48,000 ናሙና ለ25 ሲካፈል 1,920 ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን ምስል ከራሱ 1,920 የድምፅ ናሙናዎች ጋር በአንድ ሣጥን ማስቀመጥ ይቻላል። እንዲህ ከሆነ ድምፅና ምስል አይለያዩም። ለምን ይህን ያህል እንጠነቀቃለን? የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት መመሪያ እንደሚያመለክተው ድምፁ ከምስሉ 45 ሚሊሰከንድ ያህል ሲቀድም ወይም 125 ሚሊሰከንድ ያህል ሲዘገይ ተመልካች ልዩነቱን ማስተዋል ይጀምራል። የአንድ ምስል ስሕተት 40 ሚሊሰከንድ በመሆኑ ድምፁ በሁለት ምስሎች ከቀደመ ከገደቡ አልፈናል። ዓይናችንና ጆሯችን ለዘገየ ድምፅ የበለጠ ትዕግሥት ያላቸው መሆኑም አያስደንቅም፤ በተፈጥሮ ድምፅ ከብርሃን ኋላ ይደርሳልና። በ34 ሜትር ርቀት ላይ እንጨት የሚፈልጥን ሰው ብንመለከት የምሳሩ ድምፅ የሚደርሰን ምሳሩ ካረፈ ከ0.1 ሰከንድ በኋላ ነው።

ሰባቱ ሰከንዶች ከየት ይመጣሉ?

ማዘግያው በተከፈተበት ቅጽበት ሣጥኖቹ ባዶ ናቸው። አንባቢው እጅ የሚያነበው እስኪያገኝ ሰባት ሰከንድ መጠበቅ አለበት። በእነዚህ ሰከንዶች ተመልካቹ ምን ይይ? ሁለት መፍትሔዎች አሉ።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ጣቢያው የፕሮግራሙን መግቢያ ወይም ማስታወቂያ ከማዘግያው በኋላ ባለው መስመር ላይ ያሳያል። ስቱዲዮው ከማስታወቂያው ማለቂያ ሰባት ሰከንድ ቀደም ብሎ ይጀምራል። ማስታወቂያው ሲያልቅ ሣጥኖቹ ሞልተው ይጠብቃሉ።

ሁለተኛው ፕሮግራሙ ከተጀመረ በኋላ መዘግየቱን ቀስ በቀስ መገንባት ነው። ከሚወጡት 50 ምስሎች አንዱ ሁለት ጊዜ ቢታይ በየሁለት ሰከንዱ አንድ ምስል ይቆጠባል። 175 ምስሎችን ለመቆጠብ 175 × 2 = 350 ሰከንድ፣ ማለትም 5 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ያስፈልጋል። ድምፁም በዚያው ልክ በሁለት በመቶ መዘርጋት ይኖርበታል። ዝም ብለን ብናዘገየው ቅላጼው ስለሚወፍር መሣሪያው ቅላጼውን ሳይነካ በንግግር መካከል ያሉትን ጸጥታዎችና አጫጭር የድምፅ ክፍሎች ያራዝማል። በመጨረሻም መዘግየቱን ለማስወገድ ሂደቱ ይገለበጣል፤ ከየ50ው አንዱ ምስል ይዘለላል።

በሁለቱም መንገድ መዘግየት በነጻ አይገኝም። አስቀድሞ ያልተቆጠበ ሰከንድ አደጋ ሲመጣ አይመዘዝም።

ቁልፉ መቼ ይጫናል?

ማዘግያውን የሚቆጣጠረው ባለሙያ የሚመለከተው ያልዘገየውን ምስል ነው። የማይገባ ነገር ሲያይ በእጁ ሁለት ዘዴዎች አሉ፦ መጣልና መሸፈን።

መጣል ማለት አንባቢውን እጅ ወደ ጸሐፊው ማዝለል ነው። በመካከላቸው የነበሩት ምስሎች ሁሉ ሳይታዩ ይቀራሉ። ይህ ዘዴ ቀላል ቢመስልም ወጥመድ አለበት። ድርጊቱ 3 ሰከንድ ይፈጃል እንበል። ባለሙያው ድርጊቱ በተጀመረ በ2.5 ሰከንድ ቁልፉን ቢጫን ተመልካቹ ወደ «አሁን» ይዘላል፤ የድርጊቱ የመጨረሻ ግማሽ ሰከንድ ግን ገና አላለፈም፤ ስለዚህ ይታያል። ከ7 ሰከንድ በኋላ ቢጫን ደግሞ መጀመሪያው አስቀድሞ ወጥቷል። ትክክለኛው ጊዜ ድርጊቱ ካለቀበት ከ3ኛው እስከ 7ኛው ሰከንድ ባለው መካከል ብቻ ነው። በአጠቃላይ፦

የመጣያ ዕድል = መዘግየት − የድርጊቱ ርዝመት

ድርጊቱ ከሰባት ሰከንድ ከረዘመ ይህ ዕድል ዜሮ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ በመጣል ብቻ ማምለጥ አይቻልም። በዚያ ላይ ከተጣለ በኋላ መዘግየቱ አልቋል። ከላይ ባየነው ስሌት መሠረት እንደገና እስኪገነባ ስድስት ደቂቃ ያህል ጣቢያው ሙሉ መከላከያ የለውም።

መሸፈን በአንጻሩ መዘግየቱን አይነካም። ከማዘግያው በኋላ ባለው መቀያየሪያ ላይ ሌላ ምስል፣ ለምሳሌ የአዳራሹን አጠቃላይ ገጽታ ከሩቅ የሚያሳይ ካሜራ፣ ይተካና ድምፁ ይዘጋል። በያዝነው ምሳሌ ባለሙያው በ2.5ኛው ሰከንድ ሸፍኖ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ እስኪያልፍ፣ ማለትም እስከ 10ኛው ሰከንድ፣ ቢቆይ ሽፋኑ 7.5 ሰከንድ ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ 4.5 ሰከንዱ ምንም ነውር የሌለበት ምስል ነው፤ እርሱን ማጣት የጥንቃቄ ዋጋ ነው። ሽፋኑ ሲነሣ ሰባቱ ሰከንዶች ሳይጎድሉ ይገኛሉ። ለቴሌቪዥን የምንመርጠው ይህን ዘዴ ነው፤ ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ አንድ ሁከት ሌላውን አስከትሎ ስለሚመጣ።

ሥርዓቱን መትከል

አንድ አነስተኛ ጣቢያ ማዘግያ ሲተክል የሚከተሉትን ቅደም ተከተሎች ሊጠብቅ ይገባል።

አንደኛ፣ ድምፁና ምስሉ ወደ ማዘግያው ከመግባታቸው በፊት በአንድ ገመድ ውስጥ መጣመር አለባቸው። ድምፁ በሌላ መንገድ ማዘግያውን ዞሮ ከሄደ ቃሉ ከከንፈር ሰባት ሰከንድ ይቀድማል፤ ከዚያም በላይ የተፈራው ቃል ሳይጣራ ይወጣል።

ሁለተኛ፣ ማዘግያው ከስቱዲዮው ዋና መቀያየሪያ በኋላ፣ ከመሸፈኛው መቀያየሪያና ወደ ማሠራጫ ከሚወስደው መስመር በፊት ይቀመጣል። መሣሪያዎቹ ሁሉ ምስሎቻቸውን በአንድ ጊዜ እንዲጀምሩ ከአንድ የማመሳሰያ ምንጭ ጋር ይያያዛሉ፤ አለዚያ መቀያየሪያው ሲቀያይር ምስሉ ይዘላል።

ሦስተኛ፣ ለባለሙያው ሁለት ሞኒተሮች ጎን ለጎን ይቀመጡለት፤ አንዱ ያልዘገየውን፣ ሌላው ወደ ተመልካች የሚወጣውን ያሳይ። አቅራቢውና በጆሮ ማዳመጫ የሚከታተሉት ሁሉ ያልዘገየውን ድምፅ ይስሙ። ስልክ የሚደውሉ አድማጮች «ሬዲዮዎን ዝቅ ያድርጉልን» የሚባሉት ለዚህም ጭምር ነው። ጣቢያው መዘግየት ከሌለው ድምፁ ከሬዲዮው ወደ ስልኩ እየተመላለሰ ያፏጫል፤ መዘግየት ካለው ደግሞ ደዋዩ ከሰባት ሰከንድ በፊት የተናገረውን መልሶ እየሰማ ሐሳቡ ይበታተናል።

አራተኛ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል። ማኅደረ ትውስታው ኃይል ሲቋረጥ የያዘውን ሁሉ ያጣል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች በዚህ ጊዜ መግቢያውን ከመውጫው ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ማለፊያ አላቸው። ሥርጭቱ አይቋረጥም፤ ነገር ግን መከላከያው ተነሥቷል። ስለዚህ መብራት ቢጠፋ የሚተካ የባትሪ ኃይል ለካሜራው ብቻ ሳይሆን ለማዘግያውም ሊዘጋጅ ይገባል።

አምስተኛ፣ ሙከራ። ካሜራውን የሰከንድ ቆጣሪ ባለው ሰዓት ላይ አነጣጥሮ ሁለቱን ሞኒተሮች ማነጻጸር በቂ ነው፤ ልዩነቱ ልክ ሰባት ሰከንድ መሆን አለበት። ከዚያም አንድ ሰው ካሜራው ፊት እጁን ያጨብጭብ። መዳፎቹ ሲገናኙና ድምፁ ሲሰማ አንድ ላይ ከሆኑ ሥርዓቱ ለሥራ ዝግጁ ነው።

መሣሪያው የማያውቀው

እስካሁን ያየነው ሁሉ በትክክል ቢፈጸም እንኳ ጥፋት ሊደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ቀን 2012 ፎክስ ኒውስ በአሪዞና የሚካሄድ የመኪና ማሳደድ ከሄሊኮፕተር በቀጥታ ያሳይ ነበር። ምስሉ በአምስት ሰከንድ መዘግየት እንዲያልፍ ተደርጓል። ሰውየው ከመኪናው ወርዶ ሲሮጥ አቅራቢው ሼፐርድ ስሚዝ ምስሉ እንዲቋረጥ ደጋግሞ ጮኸ። ምስሉ ግን አልተቋረጠም፤ ሰውየው ራሱን ሲያጠፋ ለተመልካች ታየ። አቅራቢው ወዲያውኑ ይቅርታ ጠየቀ። ጣቢያውም መዘግየቱ እንደ ነበረ፣ ጥፋቱ ከባድ የሰው ስሕተት መሆኑን ገለጸ።

ይህ ክስተት ከ1998ቱ የሚለየው በዋና ነገር ነው። ያን ጊዜ ሰከንዶቹ አልነበሩም፤ በዚህኛው ግን ነበሩ። ለሚታይ ቀላል ምልክት ጣትን ለማንቀሳቀስ ሰው ሩብ ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ነገር ግን ያየነው ነገር ምን እንደ ሆነ ለመረዳት፣ ሊቋረጥ ይገባል ብሎ ለመወሰን፣ ከዚያም ለመጫን ከዚህ ብዙ እጥፍ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ባለሙያው ከአለቃው ፈቃድ መጠየቅ ካለበት ሰባቱ ሰከንዶች የስልኩ ጥሪ ሳይነሣ ያልቃሉ። ስለዚህ የማዘግያው ዋና ክፍል ከመሣሪያው ውጭ ነው፦ በቁልፉ ላይ የተመደበ፣ ሌላ ሥራ ያልተደረበበት፣ ማንንም ሳይጠይቅ የመሸፈን ሥልጣን የተሰጠው፣ አስቀድሞም የተለማመደ ሰው።

ለዚህ ሰው የሚሰጠው መመሪያም አስቀድሞ በጽሑፍ ሊቀመጥ ይገባል። ማዘግያው በአደጋ ለቆሰለ ሰው ክብር የሚሸፍነውንና ላልተወደደ ጥያቄ የሚሸፍነውን አይለይም፤ ለሣጥኖቹ ሁለቱም 175 ምስሎች ናቸው። የሰው ሞትና ሥቃይ፣ የሕፃናት ማንነት፣ በስም የተጠራን ሰው የሚጎዳ ያልተረጋገጠ ክስ በመመሪያው ሊዘረዘሩ ይችላሉ። አቅራቢን ወይም ባለሥልጣንን የሚያስቀይም አስተያየት ግን ከዝርዝሩ ውጭ ሊሆን ይገባዋል። ሽፋን በተደረገ ቁጥር ሰዓቱና ምክንያቱ በመዝገብ ቢሰፍር፣ ያልዘገየውም ቅጂ ቢቀመጥ፣ ሰባቱ ሰከንዶች ለምን እንደዋሉ በኋላ መመርመር ይቻላል። ይህ መዝገብ በሌለበት ተመልካቹ «ቀጥታ» የሚለውን ጽሑፍ የሚያምንበት ምክንያት አይኖረውም።

ፊዚክስ ሰባት ሰከንድ ሊሰጠን ይችላል። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ግን ሥርጭቱ ከመጀመሩ በፊት ካልሠራነው በሰባት ሰከንድ ውስጥ አንሠራውም።

መልመጃ

1. በሰከንድ 38.1 ሴንቲ ሜትር በሚሮጥ ቴፕ 10 ሰከንድ መዘግየት ለማግኘት ስንት ሴንቲ ሜትር ክር ያስፈልጋል?

2. አንድ መደበኛ ጥራት ያለው ምስል 720 በ576 ነጥቦች አሉት፤ እያንዳንዱ ነጥብ 2 ባይት ይወስዳል። በሰከንድ 25 ምስሎች ቢተላለፉ ለ5 ሰከንድ መዘግየት ስንት ሜጋባይት ያስፈልጋል?

3. መዘግየቱ 5 ሰከንድ፣ ድርጊቱ 3.5 ሰከንድ ቢሆን የመጣያ ዕድሉ ምን ያህል ነው?

4. ከሚወጡት 100 ምስሎች አንዱ እየተደገመ 10 ሰከንድ መዘግየት ለመገንባት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

መልስ፦ 1) 381 ሴንቲ ሜትር። 2) 103.68 ሜጋባይት። 3) 1.5 ሰከንድ። 4) 1,000 ሰከንድ፣ ማለትም 16 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ።